ሁለት ፊደል

ቅዳሜ፣ 6

ዛሬ የጫጩት ቀን ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ የእኛ በቆሎ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ማዶ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የእነሱ የአንድ ቀን ጫጩት ወደዚህ ይመጣል። በቆሎአችንን የበላች የማዶ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ እዚያው ይፈለፈላል፣ ጫጩቱን የእኛ ሴቶች ያሳድጋሉ። ጦርነቱ ካበቃ አምስት ዓመት ሆነው፤ የሁለቱ አገር ውል ይኸው ነው። እኔ ኬላው ላይ ተቀምጬ ማህተም እመታለሁ።

የጫጩቱ መኪና የእህቴ ባል ነው። ማዶ መፈልፈያ አለው። «አማቼ» የሚለውን ቃል እዚህ ደብተር ላይ አልጽፈውም፤ ታላቅ ወንድሜ የሞተው እዚያው ድልድይ ላይ በእነሱ ጥይት ነው።

ሰማንያ ካርቶን፣ በየካርቶኑ መቶ። ፎርሙን በእጄ ሞላሁና ሰጠሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ ፊደል ጎድሎብኝ አያውቅም። አነበበና ሳቅ አለ። «ጋሼ፣ ‹የአንድ ቀን ጩት› ይላል። አንዷ ጫ ቀርታለች» አለኝ። ያለው በትሕትና ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ፂሞ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ፂሞ ሰማ ማለት ግቢው ሰማ ማለት ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ፎርም ተቀባይነት የለውም፤ ደንቡን የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ሁሉም ቆሞ እያየኝ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አዲስ ፎርም ላይ እንደገና ጻፍኩ።

እስክሪብቶው ነው። ቀለሙ ይቆራረጣል።

እሑድ፣ 7

እማዬ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታለች። ከዚያ ሆና ድልድዩ ይታያታል። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ አታስደንግጧት፣ አታናዷት ብሏል። ይኼን የሚለኝ እኔን እያየ ነው፣ እናቱን የሚያናድድ ሰው ምን ዓይነት ፊት እንዳለው ያወቀ ይመስል።

እህቴ በየቅዳሜው በባሏ መኪና ትመጣና ድልድዩ እስኪዘጋ እናቷ ጋ ትውላለች። እማዬ የምትኖረው ለዚያ ቀን ነው። እሑድ ትተኛለች፣ ሰኞ ትነጫነጫለች፣ ከሐሙስ ጀምሮ ጎረቤታችን እትዬ ፀጉሯን እንድታበጥራት ትለምናለች። ሰባቱንም ቀን የማጥባት፣ የምገለብጣት፣ መድኃኒቷን የምቆጥርላት እኔ ነኝ። ለእኔ ፀጉሯን ተበጥራ አታውቅም።

ዛሬ ሾርባዋን ሳጎርሳት «እህትህ ከሥታለች» አለችኝ። አልከሳችም። እንደውም ወፍራለች።

ረቡዕ፣ 10

ቸኩያለሁ። ሁለት የጥራጥሬ መኪና ቆሟል።

ከሚዛን ቤቱ ጀርባ አንዱ «ጩት መጣ» ሲል ሰማሁ። ዞር ስል ሁሉም ጆንያ ይቆጥራል።

ሐሙስ፣ 11

ከዋናው ከተማ አንድ ምሁር መጥቶ «ንግድና ሰላም» የሚል ሥልጠና ሰጠን። ጫማው የሚዛን ቤቱን አቧራ ሲረግጥ አሳዘነኝ። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፈ፦

ቀረጥ ይጣላል።
ሰው ይጣላል።

«ልዩነቱን አሳዩኝ» አለ። ማንም አላየም። «አያችሁ? በጽሑፍ ልዩነት የለውም። አንዱ ሲጠብቅ ነው ሌላው የሚመጣው። መጀመሪያ ቀረጥ ይጣላል፣ ከዚያ ሰው ይጣላል።» በራሱ ቀልድ ደስ አለው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ያበሳጨኛል። ሲጠብቅና ሲላላ የማይለይ ጽሑፍ ሰው ይገድላል አልኩት። «የኔ ጌታ፣ እኔም ያልኩት ያንኑ ነው» አለኝ።

ፂሞ ከኋላ እጁን አወጣ። «እኛ ሰፈር ሁለት ጎረቤታሞች ተኳርፈው ዓመት ሆናቸው። ሽማግሌ ቢላክ፣ ዘመድ ቢላክ እምቢ። ያስታረቃቸው አንዷ ወንፊት የሌላት፣ ሌላዋ ሙቀጫ የሌላት መሆናቸው ነው። እስከ ዛሬ አይዋደዱም። ግን ወንፊቱን ማን ይሰብረዋል?» ምሁሩ ደብተሩ ላይ ጻፈለት። የእኔን አልጻፈም።

ስንወጣ ፂሞ በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ፊደል ሲናገሩ ደስ ይላል» አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ጥርሴ ውስጥ ገብቷል።

ቅዳሜ፣ 13

ደንቡ ከአሥር ካርቶን አንዱ ተከፍቶ ይታይ ይላል። ከአንዱ ያነሰ አይታይ ይላል እንጂ ከአንዱ የበለጠ አይታይ አይልም። ሰማንያውንም አስከፈትኩ። አንድ በአንድ አስቆጠርኩ። ፀሐይ ነበር። የእህቴ ባል ጃኬቱን አውልቆ ካርቶኖቹን ለማጥላት ይሞክራል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሮጥ ሳየው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስናበቃ አሥር ሰዓት ሆኗል። አርባ ሦስት ሞተዋል። «እርስዎ አርባ ሦስት ጎድሎብዎታል፣ ፎርሙ ይስተካከል» አልኩት። እሱን «እርስዎ» ነው የምለው፣ ሩቅ እንዲሆን። አስተካከለ። ፊደሉ ጥርት ያለ ነው።

እህቴ መኪናው ሳይለቀቅ አልሄድም ብላ አብራው ስትቆጥር ዋለች። እናቷ ጋ የደረሰችው ድልድዩ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ነው። እማዬ «ምነው አመሸሽ?» ስትላት «ጎማ ፈንድቶ ነው» አለቻት። በእኔ አላሳበበችም። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ ብትከስሰኝ መልስ ነበረኝ።

ማክሰኞ፣ 16

ማዶዎቹ በቆሎአችን ላይ አዲስ ቀረጥ ጣሉ። የእኛዎቹም ዝም አይሉም። ከሰዓት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር መጣ፦ ከማዶ የሚመጣ ማንኛውም ዕቃ ቀረጥ ይጣልበታል፣ ወይም ይመለሳል፣ ወይም ይጣላል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ውሳኔው በስልክ ይነገራል፤ የኬላው ሹም በስልክ ትእዛዝ መዝገብ ላይ ቃል በቃል ያሰፍራል።

ቃል በቃል። ከስሩ አሰመርኩበት።

ድልድዩ ላይ የሁለቱም ወገን ወታደሮች እንደ ወትሮው አሮጌው የአሸዋ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። ያ ጆንያ ምሽግ ነበር። ወንድሜ የወደቀው ከእሱ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። አሁን መቀመጫ ሆኖ መሃሉ ጎድጉዷል።

ቅዳሜ፣ 20

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኃላፊው ከዋናው መሥሪያ ቤት ደወሉ። ስለ ጫጩቱ። ትእዛዙ፦ ይጣል። መዝገብ ላይ አሰፈርኩ፣ ፈረምኩ።

ለወታደሮቹ አለቃ፣ ለመቶ አለቃው፣ ነገርኩ። ጉድጓዱን ያዘጋጃል።

ሥራው ስለሚያቆየኝ ቤት ደውዬ እማዬን ለምሳ አትጠብቂኝ አልኳት። አሁን መውጣት አለብኝ። ውጭው በጣም ይንጫጫል።

እዚያው ቀን፣ ማታ

በሥርዓት ልጻፈው።

መኪናው አራት ሰዓት ላይ ቆመ። እህቴ ከፊት ተቀምጣለች፣ ጭኗ ላይ ለእማዬ ያመጣችው ትራስ። ባሏ ወረደና ወረቀቱን ሰጠኝ። «ትእዛዝ አለ። ዕቃው ይጣላል» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ፈገግ እንዳለ «የት ነው የሚጣለው?» አለኝ። ከሚዛን ቤቱ ጀርባ ያለውን፣ የተበላሸ ዕቃ የምንቀብርበትን ጉድጓድ አሳየሁት። ያኔ ገባው።

«ጋሼ፣ ምናልባት ይጣልበት ብለው ይሆናል። ቀረጥ ከሆነ እከፍላለሁ» አለ።

መዝገቡን አምጥቼ ፊቱ ዘረጋሁት። «ይኸው፣ ያንብቡ። እርስዎ ማንበብ ያውቁበታል። የጎደለ ፊደል ካለ ይንገሩኝ።»

አነበበ። ብዙ ጊዜ ፈጀበት፣ አንድ ቃል ለማንበብ። «አልጎደለም» አለ።

እህቴ ትራሱን እንደያዘች መጣች። «ወንድም ጋሼ፣ ደግመህ ደውልና ጠይቃቸው። ምን ይጎዳሃል? ነፍስ ያለው ነገር እኮ ነው። ሰዎቹ እንዲህ ሊሉ አይችሉም።» መስመሩ ተቋርጧል አልኳት። «እንግዲያው እስኪቀጠል ጠብቅ።» ጫጩት ውኃና መኖ ሳያገኝ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ባለቤትሽን ጠይቂው አልኳት።  ፂሞን አዘዝኩት፤ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «ወገቤን አሞኛል» አለ። ሰዎቹም ሁሉ ወገባቸውን አመማቸው። ስለዚህ ወታደሮቹ ጣሉት።

ካርቶኑን መገልበጥ በቂ ነው ብዬ ነበር፤ አይወርዱም፣ በጥፍራቸው ካርቶኑን ይይዛሉ። መምታት ያስፈልጋል። አንዱ ወታደር ሲመታ ይስቅ ነበር፣ ከዚያ መሳቁን ተወ። ሰማንያውንም እስኪጨርሱ ቆሜ ቆጠርኩ። አፈሩ ተመልሶ ከተደለደለ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ይሰማ ነበር። ጆሮ የለመደው ነገር ቶሎ አይጠፋም፤ ያ ይሆናል።

እህቴ እናቷን ሳታይ ተመለሰች። ትራሱን የሚዛኑ ጠረጴዛ ላይ ትታዋለች። ቤት አመጣሁት፣ ግን ለእማዬ ምን ብዬ እሰጣታለሁ? አልጋዬ ሥር ነው።

ኃላፊው የተናገሩትን ነው የጻፍኩት። ውጭው ይንጫጫ ነበር። ስምንት ሺህ ጫጩት ሲንጫጫ ማን በትክክል ይሰማል? ሌላ ሰው ቢሆንም እንዲሁ ይሰማ ነበር።

እሑድ፣ 21

«መኪናው መጥቶ ነበር፣ አይቼዋለሁ» አለች እማዬ። ተበላሽቶ ተመለሰ አልኳት። ፀጉሯ እንደተበጠረ ነው።

ከድልድዩ ማዶ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲሰበሰብ ይታይ ነበር።

ማክሰኞ፣ 23

ማዶዎቹ ዛሬ የእኛን በቆሎ ወንዝ ውስጥ ጣሉት። አሥራ አንድ መኪና፣ አንድ ጆንያ ሳያስቀሩ። ወንዙ ቢጫ ሆነ። የእኛ ሰዎች ቆመው ያያሉ፤ አንዳንዱ በቅርጫት ሊያጠልል ሲገባ ከማዶ ወደ ሰማይ ተኮሱ። በአምስት ዓመት የመጀመሪያው ተኩስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጫጩት የሚያሳድጉት ሴቶች ባዶ ሣጥናቸውን ይዘው ግቢውን ሞሉት። «የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት» አልኳቸው። አንዷ አሮጊት «ልጄ፣ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። አንተ ደግሞ ሳታታልል ጣልካት» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ።

ሐሙስ፣ 25

ኃላፊው ደወሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ስማ፣ ማን ጣል አለህ?»

እርስዎ፣ አልኳቸው። መዝገብ ላይ አለ።

 ሲተነፍሱ ይሰማኛል። መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ሬዲዮ ሰምተሃል? አሉኝ። ሰምቻለሁ። «የአገር ክብር ያስከበረው ኬላ» ተብለናል። በዋናው ከተማ ሰው አጨብጭቧል፣ ትልልቆቹ ሰዎች ደውለው አመስግነዋቸዋል። «እንግዲህ አንድ ጊዜ ሆኗል። እኔ ያልኩት አንተ የጻፍከውን ነው» አሉ። እኔም የጻፍኩት ያሉትን ነው አልኳቸው። ተግባባን።

የምስጋና ደብዳቤ ይመጣልሃል አሉኝ።

ቅዳሜ፣ 27

ጫጩት የለም። ግቢው ፀጥ ብሏል። ማንም «ጩት» አይለኝም፤ ሳልፍ ይነሣሉ። ያልጠበቅኩት ነገር፣ ደስ አላለኝም።

መኪና ማለፍ ቀርቷል፤ እግረኛም ያለ ልዩ ፈቃድ አያልፍም። እማዬ ፀጉሯን ተበጥራ ከጠዋት እስከ ማታ መስኮቱ ጋ ዋለች። «ዛሬስ ምን ተበላሸ?» አለችኝ። መንገድ አልኳት።

ማክሰኞ፣ 30

የምስጋናው ደብዳቤ ደረሰ። ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስተዋል። ልመልሰው አሰብኩና ተውኩት።

ወታደሮቹ መቀመጫቸውን አፍርሰው ግንብ አደረጉት። አሸዋ የሚሞሉበት ጆንያ አጥተው መጋዘን ከፈትንላቸው፤ የበቆሎው ማኅበር ማህተም ያለበት ባዶ ጆንያ ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ራሴ ያሳለፍኩት። ማዶም እንደዚሁ ያደርጋሉ፤ የእነሱም ጆንያ የእኛው ነው፣ ማህተሙ ከዚህ ይታያል። ትናንት አብረው ካርታ የተጫወቱ ልጆች ዛሬ በአፈሙዝ ይተያያሉ። ፂሞ አየና «ወንፊቱ ተሰበረ» አለ። ለእኔ አይደለም የተናገረው፣ ለማንም አይደለም።

ሐሙስ፣ 2

ሐኪሙ መጥቶ ነበር። ጓዳ ጠርቶኝ ሌላ ልጅ ካላት ይጠራ አለኝ። ቀኑን አልነገረኝም፤ ግን ሳምንት አላለም።

እማዬ ሁሉንም ታውቃለች። እትዬ ነግራታለች፤ ወሬኛ። ሾርባውን ሳቀርብላት አፏን ዘጋች።

«ወንድሜን እዚያ ድልድይ ላይ እንደገደሉት ረሳሽ?» አልኳት።

«የሞተውን ልጄን ምክንያት አታድርገው» አለች። «እሱ ጫጩት ቢያይ ኪሱ ከቶ ነበር የሚመጣው።» ከዚያ ትንፋሽ አጥሯት ብዙ ቆየች። አለቀ ስል ቀጠለች። «ያን ቀን ለምሳ አትጠብቂኝ ብለህ ደወልክልኝ።»

አዎ አልኳት።

«መስመሩ ደህና ነበር።»

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር፣ ላሞቀው ወጣሁ።

ቤት የሚደወልበት መስመርና ዋናው መሥሪያ ቤት የሚደወልበት መስመር ይለያያል። ሊለያይ ይችላል። ነገ ከቴክኒክ ክፍሉ እጠይቃለሁ።

ቅዳሜ፣ 4

ፈጥኜ ልጻፈው፣ ከዚያ እተኛለሁ።

አራት ሰዓት ላይ፣ ድሮ መኪናው በሚመጣበት ሰዓት፣ እህቴ ማዶ ካለው የድልድዩ ጫፍ ታየች። እትዬ ናት ያስላከችባት። ነጭ ጨርቅ ይዞ በሁለቱ ወገን መሃል የሚመላለሰው ወታደር የፈቃድ መጠየቂያዋን ይዞ መጣ። ሁለት ፊርማ ያስፈልገዋል፣ የመቶ አለቃውና የእኔ። መቶ አለቃው ፈረመና ወደ እኔ ገፋው። «ያንተ እህት ናት፣ የምታውቀው አንተ ነህ» አለኝ። ሁለት መኮንኖች ከዋናው ከተማ መጥተው አብረውን ተቀምጠው ነበር። «የኬላው ጀግና ይኼ ነው?» ሲሉ ነው የሰማሁት። ሁሉም እጄን ያያሉ።

እንዲህ ይላል፦ «ለታመች እናቴ ጥየቃ።»

ለታመመች መሆን አለበት። አንዷ መ የለችም።

ስትጽፍ ቸኩላ ይሆናል። አውቃለሁ። ግን መኮንኖቹ ፊት፣ ለእህቴ ሲሆን ደንቡን አለፍኩ ቢባልስ? ደንቡ ግድግዳው ላይ ነው፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፦ ስርዝ ድልዝም ሆነ የፊደል ግድፈት ያለበት ማመልከቻ ተመላሽ ይደረጋል። አዲስ ፎርም ላይ ጽፋ ነገ ጠዋት ታምጣ አልኩ። አንድ ቀን ነው። ነገ እፈርምላት ነበር፣ እፈርምላታለሁ ማለቴ ነው። መቶ አለቃው ትኩር ብሎ አየኝና «በአንድ መ?» አለ። አንደኛው መኮንን «እንዲህ ነው ሰው ማለት» አለ።

ወታደሩ መልሶ ሲሰጣት አየሁ። ወረቀቱን አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኔ መስኮት አየች። ሩቅ ነው፣ ፊቷ አይታይም። እዚያው ድልድዩ ጫፍ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ወታደሩ ያቀበላትን አዲስ ፎርም ጉልበቷ ላይ አስደግፋ መጻፍ ጀመረች። የመቀበያ ሰዓት አልፏል ብለው መለሷት።

እማዬ አይታለች። ከመስኮቷ ድልድዩ ይታያል ብያለሁ። «የመጣችው እሷ አይደለችም?» አለችኝ። ነገ ትገባለች አልኳት። እጄን ያዘችው። ከወር በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። «እውነትህን ነው?» አለች። እውነቴን ነው።

እሑድ፣ 5

ንጋት ላይ ተጀመረ። ማን እንደጀመረ አይታወቅም። ድልድዩ መሃሉ ተመቷል።

እማዬን ከመስኮቱ አንስቼ ጓዳ አስተኛኋት። መልሰኝ ትላለች። ትመጣለች፣ መልሰኝ።

አሁንም እየተመታ ነው።

ሰኞ፣ 6

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀጉሯ ተበጥሮ ነበር።

ረቡዕ፣ 8

ቀበርናት። ቀባሪው ስድስት ሰው ነው፣ ሌላው ከቤቱ አልወጣም። ጉድጓዱን የቆፈረው ፂሞ ነው። ዛሬ ወገቡን አላመመውም። ትራሱን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ከራሷ ሥር አደረግኩት።

ስንመለስ ፂሞ ከጎኔ ሄደ።  «ጋሼ፣ ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አለ። «ሰውየው ሲናገሩ ይጮሃሉ። እኔ እንኳ ከውጭ ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ። በት አለው። መጨረሻው ላይ በት አለው።»

ጫጩቱ ይንጫጫ ነበር አልኩት።

«ስልኩ ሲደወል ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ መኪናው የደረሰው አራት ሰዓት ነው» አለና ወደ ሰፈሩ ታጠፈ።

ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ የ20ኛውን ቀን አነበብኩት። እንደዚያ ነው የጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ 11

ቅዳሜ እንደገና የልውውጥ ቀን ሆነ። ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተኩስ ቆሞ አስከሬንና ወረቀት ይለዋወጣሉ። ፎርሙ የድሮው ነው፤ «የዕቃው ዓይነት» የሚለው ላይ ምን እንደምጽፍ መቶ አለቃውን ጠየቅኩት። «አንተ ቃል አታጣም» አለኝ። ከእኛ አሥራ አራት ወጣ፣ ከእነሱ ዘጠኝ ገባ። ቆጠርኩ፣ ፈረምኩ። ከገቡት ዘጠኙ አንዱ፣ ያኔ ካርቶን ሲመታ ይስቅ የነበረው ወታደር ነው።

ሲቪል ለማዶ ዘመዱ አንድ መስመር መጻፍ ይፈቀድለታል። ለእህቴ ኃላፊው ያሉት «ይጣልበት» ነበር ብዬ ልጽፍላት አስቤ ነበር። የሚፈቀደው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፣ በእሱ ላይ ደግሞ ሌላ የሚነገር ነበር።

«እናታችን ሰኞ ዐረፈች» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ፊደል አልጎደለም።

ቅዳሜ፣ 18

ከእኛ ሃያ ሁለት፣ ከእነሱ ሃያ።

ከወረቀቶቹ መሃል የራሴ ተመልሶ መጣ። አልደረሳት ይሆን ብዬ ገለጥኩት። ደርሷታል። ሌላ ቃል አልጨመረችም። «እናታችን» ከሚለው «ታችን» በቀጭን መስመር ተሰርዟል፣ ከላዩ በእህቴ እጅ «ቴ» ተጽፏል።

እናቴ ሰኞ ዐረፈች።

ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ተመላሽ ይደረጋል ይላል ደንቡ። ይዤው ብዙ ተቀመጥኩ። አማቼ ቢያየውም ሌላ የሚያርመው ነገር የለውም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እርማቱ ትክክል ነው።